የሐዋሳ ዓሣ ቤት፦ ከአንድ ሳህን ተነሥቶ «ሁሉም» ስለ ማለት

ይህ ጽሑፍ በሐዋሳ ከተማ ስላለ አንድ አነስተኛ ዓሣ ቤት የተጻፈ አስተያየት ሲሆን፣ ከዚህ በፊት የጻፍኩትን አንድ አስተያየት የማርምበትም ነው። ቤቱ ታፔላ የለውም። ከአስፋልቱ ታጥፎ ወደ ውስጥ በሚገባው የኮብልስቶን መንገድ ላይ፣ ከወፍጮ ቤት ጎን፣ ሰባት ጠረጴዛ ብቻ የሚይዝ ግቢ ነው፤ የሰፈሩ የባጃጅ ሾፌሮች «ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለው ዓሣ» ሲባሉ ሌላ ማብራሪያ ሳይጠይቁ ያደርሳሉ።

በቅድሚያ ስለ ቀድሞው ጽሑፌ ልናገር። በ2016 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ በአንድ ዓርብ ቀን፣ ለሥራ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ሐዋሳ እንደ ገባሁ፣ ሐይቁ ወለል ብሎ ከሚታይበት አንድ ሌላ ቤት ገብቼ ዓሣ ጥብስ አዘዝኩ። የቀረበልኝ ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት ብዙ ጊዜ የተመላለሰበት መሆኑ ከሽታው ያስታውቅ ነበር፤ ሥጋው ሲነኩት ይፈራርሳል፤ ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ ያላዘዝኩት ሾርባ ተደምሮበታል። በዚያው ምሽት ስልኬን አውጥቼ «የሐዋሳ ዓሣ ቤቶች በሐይቁ ስም ይነግዳሉ እንጂ ትኩስ ዓሣ አያቀርቡም፤ እንግዳ ሲያዩም ሒሳብ ይጨምራሉ» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ሰው ወደደልኝ፣ ብዙ ሰውም አጋራልኝ። የበላሁት አንድ ሳህን፣ የፈረድኩት ግን በአንድ ከተማ ሙሉ ነበር።

ዘንድሮ የሐዋሳ ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ እጄን ይዞ ወደዚህኛው ቤት ወሰደኝ። ገና እንደ ተቀመጥን፣ የምግብ ዝርዝር ሳይመጣ፣ የቤቱ ባለቤት የሆኑት ሴትዮ በሰማያዊ ሳፋ ቆሮሶ ከሚባለው ዓሣ አራት ይዘው መጡና ከፊታችን አስቀመጡት። ባልደረባዬ አንዱን አንሥቶ አሳየኝ፤ ዓይኑ ያልጎደጎደና የጠራ ነው፣ ስንጥቡን በጣቱ ገለጥ ሲያደርገው ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ነው፣ ጎኑን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሲለቀው የጎደጎደው ቦታ ወዲያው ተመለሰ። ዓይኑ የደፈረሰ፣ ስንጥቡ ወደ ቡናማ የሄደ፣ ሥጋው የጣት ምልክት ይዞ የሚቀር ዓሣ የቆየ ነው። ይህም እኮ ጠቅለል ያለ አነጋገር ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ዓሣዎችን ካዩ ሰዎች የተወሰደ ነው፣ ያለ እርሱም ማንም ሰው ዓሣ መግዛት አይችልም። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለው ተረትም ለመሪዎች ከመነገሩ በፊት ለዓሣ የተነገረ ሳይሆን አይቀርም፤ ምንም እንኳ ሆድ ዕቃው ካልወጣ ከሆዱም ቶሎ የሚበላሽ ቢሆን፣ ስንጥቡ ያለው ከአናቱ ነውና ገዢው ከዚያ መጀመሩ ትክክል ነው።

ዓሣውን ስመለከት አንድ ነገር ገባኝ። በዚያ በዓርቡ ቀን «ዓሣውን አሳዩኝ» ያላልኩት «የሐዋሳ ዓሣ ሁሉ ትኩስ ነው» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስላደግኩ ነው። ሐይቁ ከፊቴ ተንጣሎ እያየሁት በሳህኔ ላይ ያለው ዓሣ መቼ እንደ ተያዘ መጠየቅ ትዝም አላለኝም። በመጥፎው ጥቅል ፍርዴ ብዙ ሰው ወቅሶኝ ይሆናል፤ ያጎረሰኝ ግን መልካሙ ጥቅል ፍርድ ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው ስዘል በመካከል ዓሣውን ያየሁበት ጊዜ የለም።

ባልደረባዬ አፉን መግታት የማይሆንለት ሰው ነውና የድሮውን ጽሑፌን ለባለቤቷ ነገራቸው። ሴትዮዋ አልተቆጡም፤ መሐረባቸውን እያስተካከሉ «ጋሼ፣ እርስዎ የበሉት አንድ ቤት፣ የጻፉት ስለ ሁላችን» አሉኝ። ቀጥለውም በዐቢይ ጾም ዓሣ የሚበላው ሰው ስለሚበዛ በተለይ ዓርብና ረቡዕ ዓሣው ለሁሉም እንደማይዳረስ፣ በዚህ የተነሣ ከትናንት የተረፈውን ለእንግዳ የሚያወጣ ቤት እንደማይጠፋ፣ በደህናው ቀን ግን ያው ቤት ደህና ሊያበላ እንደሚችል አስረዱኝ። (ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር ራሱን የቻለ ነው፤ እዚህ አልገባበትም።) ለፍርዴ የመረጥኩት ቀን ከዓመቱ ቀናት ሁሉ ሐዋሳን የማይወክለው ቀን ነበር ማለት ነው።

እኔም መልስ አላጣሁም። ሳፋውን ለምን ወደ እኛ ጠረጴዛ ብቻ እንዳመጡት ስጠይቃቸው «የአዲስ አበባ ሰው ዓሣ ሳያይ ነው የሚያዝ» አሉኝ፤ የሐዋሳ ሰው ራሱ ወደ ማድ ቤት ገብቶ ይመርጣል። ቅር አለኝ፤ እርሳቸውም ጠቅልለው ፈረዱ ብዬ አሰብኩ። ነገር ግን የእርሳቸው ጥቅል ፍርድ ያደረገው ነገር ቢኖር ዓሣውን ዓይኔ ሥር ማምጣት ነው፤ ስለ እኔ ተሳስተው ቢሆን ኖሮ ደግሞ አንድ ሳፋ ተሸክመው ከመመለስ በቀር የሚጎዳ የለም። የዚያኛው ቤት አስተናጋጅም «እንግዳ ሒሳብ አይመረምርም» የሚል ተመሳሳይ ግምት ነበረው፣ እርሱ ግን በሾርባ አስከፈለኝ።

ወደ ምግቡ ልመለስ። ሙሉው ቆሮሶ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ቀጠን ቀጠን ተደርጎ ተተልትሎ ስለሚጠበስ ቀጫጭኑ እሾህ ከሥጋው ጋር ይንኮሻኮሻል፤ ጅራቱ እንደ ቆሎ ይበላል። ከሎሚ፣ ከትኩስ ዳቦና ከአረንጓዴ ዳጣ ጋር ይቀርባል፤ ዳጣው በዕለቱ የተፈጨ መሆኑን ዓይን ሳይደርስ አፍንጫ ይመሰክራል። አምባዛ የሚባለው ቅርፊት የለሽ ዓሣ የሚጠበሰው በሌላ መጥበሻ፣ በሌላ ዘይት ነው፤ ቅርፊት የሌለው ዓሣ በሃይማኖቱ ምክንያት የማይበላ ደንበኛ ሳይጠይቅ እንዲያምን ሁለቱ መጥበሻዎች ከደጅ በሚታይ ምድጃ ላይ ተጥደዋል። ባልደረባዬ አምባዛ አዘዘ፤ ከጫፉ ቀምሼ ሥጋው ወፍራምና ቅባት ያለው ሆኖ አገኘሁት፣ እኔ ግን በቆሮሶው እጸናለሁ።

ጉድለቶችም አሉ። ሾርባው ቀጭን ነው፣ ከዓሣው ይልቅ ካሮቱ ይበዛል። የእጅ መታጠቢያው ውኃ ከጄሪካን የሚቀዳ ሲሆን ሳሙና ያገኘሁት በሦስተኛው ጉብኝቴ ብቻ ነው። ከትእዛዝ እስከ ማዕድ 35 ደቂቃ ያህል ጠብቄአለሁ። ዓሣው ሲያልቅ ቤቱ ይዘጋል፤ አንድ ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስደርስ ወንበሮቹ ተነሥተው ነበር። ሒሳቡ በወረቀት ተጽፎ፣ ዝርዝሩ ጮክ ተብሎ እየተነበበ ይሰጣል።

ዓሣው ከየት እንደሚመጣ ለማየት ጠዋት በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወርጄ ነበር። ጀልባዎቹ ሌሊቱን ከመረብ ያወጡትን ይዘው ሲደርሱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ረጃጅም እግራቸውን ተክለው ሆድ ዕቃ የሚጣልበትን ሰዓት ይጠብቃሉ። ባለቤቷም ከገዢዎቹ መካከል ነበሩ፤ ስንጥብ እየገለጡ አንዱን ይወስዳሉ፣ ሌላውን ይመልሳሉ። ከአንዱ ጀልባ ከቀረቡላቸው ስድስት ዓሣዎች ሁለቱን መለሱ፤ ዓሣ አጥማጁም ሳይከራከር ተቀበላቸው።

የድሮ ጽሑፌን ላጠፋው ብል ባለቤቷ «አያጥፉት፣ ቀኑንና አንድ ቤት መሆኑን ይጻፉበት» አሉኝና እንደዚያው አደረግኩ። ለዚህኛውም እንዲሁ ልጻፍ፤ የበላሁት ሦስት ጊዜ ነው፣ ሁለት ማክሰኞና አንድ ቅዳሜ፣ ሦስቱም ከጾም ውጪ፣ ሦስቱም ከቀትር በፊት።