ለጡረታችሁ ብላችሁ ያልተሠራ አፓርታማ አትግዙ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሆቴል አዳራሾች የአዲስ አበባ አፓርታማ ሲሸጥ፣ ወንበሩን የሚሞሉት ብዙ ጊዜ እናትና አባቶቻችን ናቸው። ታክሲ ነድተው፣ ፓርኪንግ ሠርተው፣ በሽተኛ አስታመው ያጠራቀሙትን ይዘው ይመጣሉ። የሚያምር የሕንፃ ሥዕል ይታያቸዋል። «ለዛሬ ብቻ» የሚባል ቅናሽ ይነገራቸዋል። ከዚያ ቀብድ ይከፍላሉ።

አገር ገብቶ ማረፍ ትልቅ ነገር ነው፣ አልቃወምም። የምቃወመው ገና መሬት ላይ የሌለን ቤት ለጡረታ ብሎ መግዛትን ነው።

አክስቴና ባለቤቷ እንዲህ ባለ ሽያጭ ላይ ሁለት መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ገዙ። ውሉ ከሦስት ዓመት በታች በሆነ ጊዜ ቤቱን ይረከባሉ ይላል። ጊዜው ካለፈ ቆየ። ሕንፃው ግን አሁንም ምሰሶና ዝገት የጀመረው ብረት ነው። ሲደውሉ መጀመሪያ «ሲሚንቶ ጠፋ» ተባሉ። ቀጥሎ «ዲዛይን እየተሻሻለ ነው» ተባሉ። አሁን ስልክ የሚያነሳ የለም።

ውሉን ተቀብዬ አነበብኩት። ገዢው ክፍያ ካሳለፈ ቅጣቱ በመቶኛ ተጽፏል። ሻጩ ካዘገየ ግን «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚል ሰፊ በር ተትቶለታል፤ የዕቃ እጥረት ሳይቀር እዚያ ውስጥ ገብቷል። ሌላው ደግሞ የግንባታ ዕቃ ዋጋ ወይም የምንዛሪ ተመን ሲለወጥ ሻጩ ዋጋውን «ማስተካከል» ይችላል የሚለው አንቀጽ ነው። ጣሪያ የለውም።

ይህ አንቀጽ ምን እንደሚያደርግ በሐምሌ 2016 አየነው። ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ቀሪ ክፍያ ያለበት ሰው በዶላር ሲሰላ ሊቀለው ይገባ ነበር። ለአክስቴ ግን የመጣው የዋጋ ማስተካከያ ደብዳቤ ነው። «እንግዲያው ገንዘባችንን መልሱልን» ሲሉ፣ የሚመለሰው በብር ነው፣ እሱም የአስተዳደር ወጪ ተቀንሶ ነው ተባሉ። በድሮው ተመን ዶላር መንዝረው የከፈሉት ብር ተመልሶ ዶላር ሲሆን ግማሹን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መውጣትም መቆየትም ኪሳራ ሆነባቸው።

ወጣት ቢሆኑ ይጠብቁ ነበር። የ40 ዓመት ሰው ላይ አምስት ዓመት ሲዘገይበት ያናድዳል። የ68 ዓመት ሰው ላይ ሲዘገይ ግን ቤቱን የሚፈልግበት ዕድሜ ነው የሚሄደው። ሻጮቹ ይህን አይነግሯችሁም።

የግድ እገዛለሁ ካላችሁ ያለቀ ቤት ግዙ። ከመክፈላችሁ በፊት የመሬቱ ካርታ በማን ስም እንደሆነ፣ ባንክ በመያዣነት ይዞት እንደሆነ፣ እግድ እንዳለበት ከሚመለከተው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይጣራላችሁ። የምታጣሩት በራሳችሁ ጠበቃ ይሁን። ሻጩ ያመጣላችሁ ጠበቃ የሻጩ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የፈረማችሁት ወረቀት ውልና ማስረጃ ሳይደርስ ቢቀርና ክርክር ቢነሳ፣ መጀመሪያ የሚነሳባችሁ ጥያቄ ይኸው ነው።

ቤቱን የሚሸጥላችሁ ሰው «በአሜሪካ ጡረታ እዚያ እንደ ንጉሥ ትኖራላችሁ» ይላል። እስቲ ጡረታውን እንየው። ሠርታችሁ ያገኛችሁት ሶሻል ሴኩሪቲና ኤስኤስአይ የሚባለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አዛውንቶችና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጎማ፣ አንድ አይደሉም። ኤስኤስአይ የሚቀበል ሰው ከአሜሪካ ለ30 ተከታታይ ቀናት ከወጣ ክፍያው ይቆማል። ብዙ አዛውንቶቻችን የሚኖሩት በዚህ ገንዘብ ነው፤ ከአዳራሹ ሲወጡ ግን ይህን የሰማ የለም። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የአዛውንቶች የጤና መድን፣ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የታከማችሁበትን አይከፍልም። «እንግዲያስ ለምን እከፍላለሁ» ብላችሁ የሐኪም ሽፋኑን፣ ፓርት ቢ የሚባለውን፣ ካቋረጣችሁ በኋላ ስትመለሱ ላለፈው እያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር ወርሃዊ ክፍያው ላይ 10 ከመቶ ሊጨመርባችሁ ይችላል። ቅጣቱም አብሯችሁ ይኖራል። ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ደግሞ አስቡበት፤ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ መቆየት መኖሪያ ፈቃዱን አደጋ ላይ ይጥላል።

የቦታው ጉዳይም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው። ልብና ሳንባ ለሚያስቸግረው ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ቢሾፍቱ 1,900 ገደማ ናቸው፤ ነገር ግን ከባድ ሕመም ሲመጣ ሐኪም ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ይኖራል። ዘጠነኛ ፎቅ የገዛችሁ ጉልበት የሚያማችሁ እናቶች፣ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱን የሚያንቀሳቅስ ጄኔሬተር መኖሩን፣ ናፍጣውን ማን እንደሚከፍል፣ ውኃ በፓምፕ እስከ ላይ መድረሱን ጠይቁ። ሥዕሉ ላይ ይህ አይታይም።

ስለዚህ መጀመሪያ ተከራዩ። ክረምቱንም በጋውንም እዚያው አሳልፉ። ሐኪማችሁን፣ መድኃኒታችሁን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ የጎረቤቱን ጠባይ እዩ። ከዚያ በኋላም ለመግዛት ገንዘባችሁ እጃችሁ ላይ አለ።

ቀድማችሁ የፈረማችሁ ደግሞ ቀጣዩን ክፍያ ከመላካችሁ በፊት የምታምኑትን ዘመድ ግንባታው ቦታ ድረስ ላኩ። ቀኑ የሚታይበት ፎቶ ያንሳላችሁ። የክፍያው ደረጃ ከግንባታው ደረጃ ጋር ካልገጠመ፣ ዝም ብላችሁ አታቋርጡ፤ ቅጣቱ በእናንተ ላይ ይዞራል። ጠበቃችሁ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጥላችሁ፣ ደረሰኙንም ያዙ። ለኩባንያው ሠራተኛ ወይም ለደላላው ውክልና አትስጡ።