ለባና ስፌት የገዛሁት የፖሊስተር ክርና «የሌዘር» ስሙ

በክረምቱ መግቢያ ከደብረ ብርሃን ገበያ አንድ ጥቅል 40/2 የፖሊስተር ክር ገዝቼ፣ ከመንዝ የመጡ የሦስት ባናዎችን ጠርዝና አንድ በርኖስ ሰፍቼበታለሁ። ሻጩ «ይህ በሌዘር ጨረር የተሠራ ነው፤ ቀጭን ሆኖ የማይበጠሰውም ለዚህ ነው» ብሎ ከሌላው ክር ጨመር ያለ ዋጋ ስለጠየቀኝ፣ ከመስፋቴ በፊት መዝኜና ጎትቼ ልፈትነው ወሰንኩ።

ክሩ ራሱ ጥሩ ነው። 40/2 ማለት የቅጥነት ቁጥራቸው 40 የሆኑ ሁለት ክሮች አንድ ላይ ተገምደዋል ማለት ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ክር 1000 ሜትሩ ወደ 30 ግራም ይመዝናል። በጥቅሉ ላይ 5000 ያርድ፣ ማለትም 4572 ሜትር ያህል፣ ተብሎ ስለተጻፈ ክሩ ያለ ማጠንጠኛው 135 ግራም ገደማ ሊሆን ይገባዋል። ካለቀ ጥቅል የተረፈኝን ተመሳሳይ ባዶ ማጠንጠኛ መዝኜ ስቀንስ ውጤቱ ከዚህ ብዙም አልራቀም፤ በርዝመቱ አልተታለልኩም። ጥንካሬውን ደግሞ በክሩ ጫፍ የ1 ሊትር ጠርሙስ አንጠልጥዬ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ በመጨመር ፈተንኩት። በዚህ ውፍረት ያለ ደህና የፖሊስተር ክር ወደ 1 ኪሎ ግራም ሊሸከም ስለሚገባው፣ ጠርሙሱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መበጠሱ የሚያስከፋ አይደለም። መሐሉ ላይ የቋጠርኩት ግን ቀድሞ ተበጠሰ፤ ቋጠሮ ክሩን በአንድ ቦታ አጥፎ ስለሚያስጨንቀው፣ በጠርዝ ስፌት መካከል ከመቋጠር ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ መስፋት ይሻላል።

«የሌዘር ክር» የሚለውን ስም ግን አልቀበለውም። ፖሊስተር ቀልጦ ከቀዳዳ ሲወጣና ሲቀዘቅዝ ረጃጅም ሞለኪውሎቹ ገና እንዳልተበጠረ ሱፍ የተዘበራረቁ ናቸው፤ ጥንካሬ የሚያገኘው ዳግም ሞቆ ሲሳብና ሞለኪውሎቹ በክሩ ርዝመት ሲሰለፉ ነው። ፋብሪካዎች ይህንን በአብዛኛው በጋለ ተሽከርካሪ ሲሊንደር ይሠሩታል። በሌዘር ሲሠራ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ኩማር ፓቴል በቤል ቤተ ሙከራ የፈለሰፈው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ዓይነት፣ በ10.6 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሞገድ ርዝመት የሚወጣ የማይታይ ጨረር፣ ክሩን ሳይነካ አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ በቅጽበት ያሞቀዋል፤ ክሩም እዚያው ላይ ተስቦ ይቀጥናል። በጃፓን የያማናሺ ዩኒቨርሲቲው አኪሂሮ ሱዙኪና ባልደረቦቹ ክሩን በጠባብ ቀዳዳ ወደ አየር አልባ ክፍል አስገብተው፣ ከድምፅ ፈጥኖ በሚገባ አየር እየሳቡና በሌዘር እያቀለጡ፣ ከ1 ማይክሮሜትር የቀጠነ የፖሊስተር ፋይበር ያለ ምንም ማሟሚያ ፈሳሽ ሠርተዋል። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ነገር ነው፤ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ክሩ እንደ ማር እየተንዠረገገ ይቀጥናል እንጂ ሞለኪውሎቹ አይሰለፉም። ስለዚህ መቅጠንና መጠንከር አንድ አይደሉም፤ የሻጩ ንግግር የሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የገዛሁትን ክር ግምዱን ፈትቼ ሳየው ከውስጡ የወጡት በሣንቲ ሜትር የሚለኩ አጫጭር ፋይበሮች ናቸው። በፊቱ ላይ የሚታየው ስስ ጠጉርም ከነዚሁ ጫፎች የመጣ ነው። በሌዘር ተስቦ የሚወጣው ደግሞ ያልተቆራረጠ ረጅም ፋይበር ስለሆነ፣ ይህ እንደ ጥጥ የተፈተለ የተለመደ የፖሊስተር ክር ነው።

በሥራ ላይ ለወፍራም ባና ቁጥር 16 መርፌ ተስማምቶታል፤ በቀጭኑ መርፌ ስሞክር ክሩ እየተፋቀ ተሰነጣጠቀ። ፖሊስተር ውሃ እምብዛም ስለማይመጥ፣ በጉሙና በዝናቡ ወቅት ታጥቦ የተሰጣው ባና ገና እርጥብ ሳለ ስፌቱ ደርቆ አግኝቼዋለሁ። ጉዳቱ ከካውያ በኩል ነው። ፖሊስተር የሚቀልጠው በ260 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ መለስለስና መኮማተር ስለሚጀምር፣ ሙቀቱ በማይለካ የከሰል ካውያ የተተኮሰው የበርኖሱ አንድ ስፌት ተሸብሽቦብኛል፤ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ መተኮስ ያስፈልጋል።

ለባና፣ ለበርኖስና ለካፖርት ክሩን ደግሜ እገዛዋለሁ፤ የምከፍለው ግን የተራውን 40/2 ዋጋ ነው።