ስኪዳዌይ ወይስ ሂልተን ሄድ? ጌት ያለው የጎልፍ ደሴት ላይ ቤት ለምታስቡ ቤተሰቦች

ሰሞኑን ይሄን ጥያቄ የማይጠይቀኝ ሰው የለም፣ በተለይ አትላንታ ያሉ ጓደኞቼ። የቤታቸው ዋጋ ጨምሯል፣ ከርቀት መሥራትም ለምዷቸዋል፣ ቅዳሜና እሁድ ወደ ውቅያኖሱ ወርደው ያን ጥላ የለበሰ ኦክ ዛፍና ብስክሌት የሚነዱ ልጆች ያያሉ፣ ሰኞ ይደውላሉ፦ "እዛ ደሴቱ ላይ ብንገዛ ምን ይመስልሃል?" የሚያነሱልኝ ሁሌ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ጆርጂያ ውስጥ ሳቫና አጠገብ ስኪዳዌይ ደሴት ላይ ያለው ዘ ላንዲንግስ፣ ሌላው ሳውዝ ካሮላይና ሂልተን ሄድ ደሴት ጫፍ ላይ ያለው ሲ ፓይንስ። ለእያንዳንዱ ለብቻው ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን አልደብቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ልትኖሩበት ከሆነና ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳን የምር ጎልፍ የሚጫወት ከሆነ ስኪዳዌይ። ጎልፍ የሚነካ ሰው ከሌለ ግን ሁለቱንም ከመግዛታችሁ በፊት ቆም በሉ፣ ለምን እንደሆነ ገንዘቡ ጋ ስንደርስ ይገባችኋል።

ሲ ፓይንስ ቆንጆ አይደለም ማለቴ አይደለም። ቻርልስ ፍሬዘር የሚባለው ሰው በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲጀምረው ዛፍ ሳይጨፈጨፍ፣ ቤቶቹ ከጫካው ጋር ተመሳስለው እንዲሠሩ አድርጎ ነው፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙ ሰፈሮች ከሱ ነው የተማሩት። ቀይና ነጭ መስመር ያለው የሃርበር ታውን መብራት ቤት፣ በ1969 የተከፈተው ፒት ዳይ የነደፈው የጎልፍ ሜዳ፣ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የፒጂኤ ባለሙያ ጎልፈኞች የሚመጡበት ውድድር፣ የአትላንቲክ ዳርቻ አሸዋ በእግር። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ችግሩ ይሄን ሁሉ የሚፈልገው ሌላ ሰውም መሆኑ ነው። ሲ ፓይንስ ሪዞርት ነው፣ ቱሪስቱ ጌቱ ላይ የመኪና መግቢያ ከፍሎ ይገባል፣ ከጎናችሁ ያለው ቤት ደግሞ በሳምንት የሚከራይ ሊሆን ስለሚችል በጋውን ሙሉ በየቅዳሜው አዲስ ጎረቤት ታያላችሁ። "ጌት አለው" ሲባል ማንም አይገባም ብሎ የሚያስብ ቤተሰብ ይሄን ቀድሞ ይወቀው። በጋ ላይ 278 መንገድ ላይ ከድልድዩ እስከ ሲ ፓይንስ ጌት ያለው መጨናነቅም የየቀን ኑሮ ነው።

ስኪዳዌይ ሌላ ነገር ነው። ከሳቫና መሀል ከተማ 12 ማይል አካባቢ ነው፣ ሰፈሩ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተሠራ ሆኖ ስድስት የጎልፍ ሜዳ፣ ሁለት ማሪና አለው፣ ሆቴልና ቱሪስት ግን የለም። ጎረቤታችሁ ዘንድሮም የዛሬ ዓመትም ያው ጎረቤታችሁ ነው። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ልጆች የሚያድጉት ሰው በሚያውቃቸው ቦታ ነው። የሚጎድለው ደግሞ አሸዋው፤ ስኪዳዌይ ዙሪያው ረግረግ እንጂ የውቅያኖስ ዳርቻ አይደለም፣ ለመዋኘት ሳቫናን አቋርጣችሁ ታይቢ ደሴት መሄድ አለባችሁ። "ደሴት" የሚለውን ቃል ሰምታችሁ ልጆቹ ከቤት በባዶ እግራቸው ወደ ባህር ይሮጣሉ ብላችሁ ከሆነ እዚህ የለም።

ትምህርት ቤት ላይ ሂልተን ሄድ ይበልጣል፣ ከአንደኛ ደረጃ እስከ ሃይስኩል የመንግሥት ትምህርት ቤት ደሴቱ ላይ አለ። ስኪዳዌይ ላይ ግን ልጁ በየቀኑ ድልድዩን ይሻገራል። ሁለቱም ሰፈር ውስጥ አብዛኛው ነዋሪ ጡረታ የወጣ ነጭ ነው፣ ይሄንንም በግልጽ ማውራት አለብን። የአስር ዓመት ልጅ ያላችሁ ሰዎች የትምህርት ቀን ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ መንገዱ ላይ ስንት ልጅ እንዳለ ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ ቅዳሜ ሄዳችሁ አትፍረዱ፣ ቅዳሜ የምታዩት የልጅ ልጅ ነው። ሂልተን ሄድ ከሄዳችሁ አይቀር ልጆቹን ሚችልቪል ውሰዷቸው፣ በ1862 ከባርነት የወጡ ሰዎች ራሳቸው የገነቡትና ያስተዳደሩት ከተማ የነበረበት ቦታ ነው። የደሴቱ ታሪክ ከጎልፍ እንዳልጀመረ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ብሩ። ሰው የቤቱን ዋጋ ብቻ አይቶ "ከአትላንታ ብዙም አይለይም" ይላል፣ እኔ ግን የቤቱን ዋጋ መጨረሻ ላይ ነው የማየው። ቁጥሩ የየትኛውም ሰፈር አይደለም፣ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ ነው፦ የጎልፍ ክለቡ መዋጮ በወር 900፣ በክለቡ ምግብ ቤት የግድ የምትበሉት 100፣ ኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር መዋጮ) 250፣ የንፋስና የጎርፍ ኢንሹራንስ 700 ቢሆን 1,950 ዶላር በወር፣ 23,400 በዓመት፣ በአስር ዓመት 234,000። ከዚህ ውስጥ አንድ ሳንቲም እንኳን ሞርጌጅ አይደለም። በዚያ ላይ የክለቡ መግቢያ ክፍያ፣ የካርት ክፍያ፣ ሜዳ ሲታደስ የሚመጣው ስፔሻል አሰስመንት የሚባል ተጨማሪ መዋጮ አለ። ጎልፍ የማይጫወት ሰው ይሄን ሲከፍል ሳር ነው የሚያጠጣው፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ቆም በሉ ያልኩት።

ክለቡ ግዴታ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ከሪልተሩ አፍ ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቤቱን የሚሸጥላችሁ ሰው ሲገዛ ያልነበረበት ግዴታ እናንተ አዲስ ገዢ ስለሆናችሁ ሊኖርባችሁ ይችላል። አሁን ደግሞ መውጫውን ጠይቁ፣ ይሄን ማንም አይጠይቅም፤ ክለቡን ስተው በሚቀጥለው ወር መክፈል አቆማለሁ ወይስ ቤቱን እስክሸጥ ነው? ከ2008ቱ የቤት ገበያ ውድቀት በኋላ ሂልተን ሄድ ባለበት በቢዩፎርት ካውንቲ ክለብ ግዴታ በሆነባቸው የጎልፍ ሰፈሮች ባዶ መሬት በ1 ዶላር ለሽያጭ ሲወጣ ታይቷል፣ አዎ በ1 ዶላር፣ ባለቤቱ የፈለገው ብር ሳይሆን ከወርሃዊው መዋጮ መገላገል ስለነበረ። ሲ ፓይንስ በዚህ በኩል የሚሻለው የሪዞርቱን ሜዳዎች ማንም ከፍሎ መጫወት ስለሚችል ክለብ ሳትገቡም ጎልፍ አለ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚጫወት ሰው ይሄ ያዋጣል።

ታክስ ላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሳውዝ ካሮላይና ታክስ የሚያሰላው በምትኖሩበት ቤት ዋጋ 4 በመቶ ላይ ነው፣ ጆርጂያ በ40 በመቶ፣ ይሄን ያየ ሰው ጆርጂያ አስር እጥፍ ነው ብሎ ይደነግጣል። አይደለም፣ የሚባዛበት ተመን የተለያየ ስለሆነ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን የዶላር ቢል ብቻ ነው የምታወዳድሩት። ዋናው አደጋ ሂልተን ሄድ ላይ ሁለተኛ ቤት አድርጋችሁ ስትገዙ ነው፤ ግምቱ ወደ 6 በመቶ ይወጣል፣ 800,000 የሚያወጣ ቤት ላይ ታክስ የሚሰላበት 32,000 የነበረው 48,000 ይሆናል፣ ነዋሪ የሚማረው የትምህርት ቤት ታክስም ይጨመርባችኋል፣ ቢሉ በጣም ነው የሚያብጠው። የ4 በመቶውም ቢሆን ካላመለከታችሁ ራሱ አይመጣም። ሂልተን ሄድ ከተማ ደግሞ ገዢውን ከዋጋው 0.25 በመቶ ያስከፍላል፣ በ800,000 ላይ 2,000 ዶላር ማለት ነው። ስኪዳዌይ ላይ ለሚኖር ሰው ቻተም ካውንቲ የቤቱን የታክስ ግምት እንዳይሮጥ የሚይዝ የሆምስቴድ ቅናሽ አለው፣ ብዙ ዓመት ለሚቀመጥ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም።

ኢንሹራንስ። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም። የፌደራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለቤቱ እስከ 250,000፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ብቻ ነው፣ ቤቱ 800,000 ከሆነ የቀረውን በግል መግዛት አለባችሁ። በካሽ የሚገዛ ሰው ደግሞ ልብ ይበል፣ ከብድር ጋር ካልተያያዘ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው፣ ማዕበል ሲመጣ ቲቪ ላይ አይታችሁ ልትገዙት አትችሉም። የንፋሱ ዲዳክቲብል፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት እናንተ የምትችሉት፣ ብዙ ጊዜ በመቶኛ ነው፣ 2 በመቶ የሚለው ትንሽ ይመስላል ግን በ800,000 ላይ 16,000 ዶላር ከኪስ ነው። በ2016 ማቲው የሚባለው ማዕበል ሲመጣ ሁለቱም ደሴቶች ልቀቁ ተብለዋል፣ ሂልተን ሄድ ሰዎች ወደ ቤታቸው ለመመለስ ቀናት ጠብቀዋል። ስለዚህ ከዋጋ ድርድር በፊት የቤቱን ኤሌቬሽን ሰርተፍኬት (ቤቱ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ የሚያሳየውን ወረቀት) ጠይቃችሁ ኢንሹራንሱን አስተምኑ።

የጥገናው ነገር ነው እኔን የሚያናድደኝ፣ ማንም ቀድሞ አይነግርም። ብዙዎቹ ቤቶች የ70ዎቹ፣ የ80ዎቹና የ90ዎቹ ናቸው፣ ኩሽናው ታድሶ ነጭ ማርብል ተለጥፎበት ፎቶው ላይ አዲስ ይመስላል። ከስር ግን ከ1978 እስከ 1995 ድረስ ይገባ የነበረው ግራጫ የፖሊቡቲሊን ቧንቧ ሊኖር ይችላል፣ ውሃው ውስጥ ያለው ክሎሪን ከውስጥ እየበላው ድንገት ይፈነዳል፣ አንዳንድ ኢንሹራንስ ጭራሽ አይቀበለውም። ውሃ ማሞቂያው ጋ፣ ከሲንክ ስር ዝቅ ብላችሁ እዩ። የውጭ ግድግዳውም እንደዚሁ፤ እውነተኛው የሲሚንቶ ስቱኮና በፎም ላይ የተቀባው አስመሳይ ስቱኮ ከሩቅ አይለዩም፣ በጣታችሁ አንኳኩት፣ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ፎም ነው፣ ውሃ ከገባበት አይወጣም፣ እንጨቱን ውስጥ ለውስጥ ያበሰብሰዋል። አንድ የማውቀው ቤተሰብ እንደዚህ ያለ ቤት ክረምት ላይ ገዛ፣ ኢንስፔክተሩ ብርድ ነው ብሎ ኤሲውን ሳያስነሳ አለፈው፣ ሙቀቱ ሲመጣ የውጭው ማሽን ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች በጨው አየር ተበልተው በእጅ ሲነኩ ይፈረፍሩ ነበር። ሙሉ ማሽን ነው የቀየሩት። ስትቀይሩ ኮይሉ ለጨው የተቀባ መሆኑን በደረሰኝ ላይ አስጽፉ፣ ብሎኑም 316 ስቴንለስ ይሁን፣ ርካሹ ቶሎ ነው የሚዝገው። ምስጥም አለ፣ የፎርሞሳ ምስጥ የሚባለው ከባዱ ዓይነት፣ የቤቱ የምስጥ ዋስትና ወደ እናንተ ይተላለፍ እንደሆነ ጠይቁ።

ጎልፍ ካርት ከቤቱ ጋር "በነፃ" ሲሰጣችሁም ባትሪውን እዩ። 48 ቮልቱ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ባለ 8 ወይም ስምንት ባለ 6 ባትሪ ነው፣ አምስት ዓመት ካለፈው ልትቀይሩት ነው፣ ዋጋውን ከቤቱ ላይ አስቀንሱ። ኦንላይን ላይ በግማሽ ዋጋ የሚሸጠው ሊቲየም ላይ የተጻፈውን አምፔር ሰዓት (ባትሪው የሚይዘውን መጠን) አትመኑ፣ ጎረቤታችን የገዛው ከሜዳው ሳይመለስ ነው ያለቀበት፣ ሻጩም ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሳም።

ትንንሽ ልጆች ያላችሁ፣ በሁለቱም ቦታ ከጓሮ ያለው ላጉን (ኩሬ) ውስጥ አዞ አለ። በ2018 ሂልተን ሄድ ላይ ውሻዋን ይዛ የወጣች ሴት በአዞ ተገድላለች። ጎልፍ ሜዳና ውሃ የሚያሳየው ቤት ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ የአራት ዓመት ልጅ ካለ ግን እኔ ያንን ተጨማሪ ብር አልከፍልም፣ ጫካ የሚያሳየውን ርካሹን እገዛለሁ፣ ብዙ ቦታ ደግሞ አጥር ማጠር በደንቡ የተገደበ ስለሆነ "ገዝተን እናጥራለን" አይሠራም።

አሁንም ስኪዳዌይ ነው የምላችሁ። ግን ኦፈር ከማስገባታችሁ በፊት እዚያው አካባቢ ቤት ተከራይታችሁ ነሐሴን ኑሩ፣ ሙቀቱም ትንኙም የማዕበሉም ወቅት ያኔ ነው። በዚያው ሰሞን የኤችኦኤውን የመጠባበቂያ ገንዘብ ሪፖርት፣ የክለቡን የአባልነት ውል፣ ያለፉት ዓመታት ስፔሻል አሰስመንት ዝርዝር ጠይቁ፣ ሦስቱም እጃችሁ ሳይገባ ዲፖዚት አትልቀቁ።