በቅርበት ወይስ በደረጃ? የዲቪዥን 3 ፕሌይኦፍ ድልድል

ዲቪዥን 3 በሚባለው የአሜሪካ ትናንሽ ኮሌጆች ፉትቦል በ2024 ፕሌይኦፉ (የጥሎ ማለፍ ውድድሩ) ከ32 ወደ 40 ቡድን አደገ፣ ከሊግ ሻምፒዮኖች ውጭ ያሉት ምርጫም ለቡድኖች ደረጃ በሚያወጣ ኤንፒአይ በሚሉት ቀመር ሆነ፣ ማን ከማን ይጋጠም የሚለው ግን ዛሬም ያጨቃጭቃል፦ በቅርበት ማለት ጎረቤት ቡድኖችን ማገናኘት፣ በደረጃ ማለት ርቀቱን ትቶ ጠንካራውን ከደካማው ማገናኘት ነው።

ወጪ፦
በቅርበት፦ እስከ 500 ማይል በአውቶቡስ፣ ርካሽ ነው።
በደረጃ፦ ፕሌን፣ ያውም ለሙሉ ቡድን ከነሄልሜቱ።

ድካም፦ 500 ማይል ማለት 800 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግዙፍ ላይንማን (የፊት መስመር ተጫዋች) ጉልበቱን ወንበር ላይ አጣጥፎ ቀኑን ሙሉ ሲሄድ አስቡት። ፕሌኑ ይሻላል፣ ግን እሁድ ድልድል ሰምተህ ለቅዳሜ ትኬት መፈለግ ቀላል አይደለም።

ፍትሃዊነት፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሃርዲን ሲመንስና ሜሪ ሃርዲን ቤይለር ሁለቱም የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፣ በሲዝን ተጋጥመው ሲያበቁ ቅርብ ናችሁ ተብለው ፕሌይኦፍ መጀመሪያ ዙር ላይ እንደገና ሲገናኙ አንዱ ጠንካራ ቡድን በጊዜ ይሰናበታል፣ እነዚህ ልጆች እኮ የስፖርት ስኮላርሺፕ እንኳን የላቸውም! በደረጃ ቢሆን ጠንካሮቹ መጨረሻ ላይ ነው የሚገናኙት።

ኦሃዮና ፔንሲልቫኒያ ኮሌጁ ብዙ ስለሆነ ለመጀመሪያ ዙር ቅርበት ያስኬዳል። ለቴክሳስና ለዌስት ኮስት፣ እንዲሁም ከሩብ ፍጻሜ በኋላ ለሁሉም፣ ደረጃው ይሁን ባይ ነኝ።