ለእረፍት ስትመጡ የወላጆቻችሁን ቤት ዋይፋይ የምታስተካክሉ ከሆነ

ቤቱ አዲስ አበባ ያለ ጂ ፕላስ ቱ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ የኮንክሪት ሶሌታ። ሥራውን ሦስት እጅ ሠርቶታል፦ ፋይበር ዘርጊዎች፣ የኬብል ሱቅ እና የኔትወርክ ባለሙያ።

ዘርጊዎቹ ፈጣኖች ናቸው፤ ፋይበሩንም ጥግ ላይ አያጥፉትም። ችግሩ የኢንተርኔት ሳጥኑን (ዋናውን ራውተር) ለመግቢያው በሚቀርበው ቦታ፣ ሳሎን ቲቪው ጀርባ መትከላቸው ነው። ፌሮ የታሰረበት ሶሌታ የ5 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሲግናልን ክፉኛ ያዳክማል። የ2.4 ጊጋኸርዙ አንድ ፎቅ ቢያልፍ እንኳ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ደክሞ ነው። ስለዚህ ከመምጣታቸው በፊት ቦታ ምረጡ፤ ደረጃው አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። ሪፒተር (ዋይፋይ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ መሣሪያ) አትግዙ፤ በተቀበለበት ሞገድ መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቆርጠዋል። ባላችሁ ብር ኬብል ግዙ።

ለሁለቱ ፎቆች 40 ሜትር ካት 6 (የኔትወርክ ኬብል) እና 10 የኬብል ጫፍ በቂ ነው፤ የሚያስፈልጉት ጫፎች 4 ቢሆኑም ሲታሰር የሚበላሽ አይጠፋም። ካት 6 ተብሎ ከሚሸጠው መካከል መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም አለ። የአንዷን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጉ፤ ከውስጥ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። የመርካቶው ሻጭ እዚያው አስፍቆ አሳየኝ፤ ይህን የማይፈቅድ ሱቅ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላው እለፉ።

ከሦስቱ ምስጋና የሚገባው ባለሙያው ነው። ግድግዳ አልቦረቦረም፤ ባዶውን የቲቪ ቱቦ ፈልጎ ኬብሉን በመሳቢያ ሽቦ ጎተተበት። የመብራት ሽቦ ባለበት ቱቦ ውስጥ ይግባ የሚል ሰው ቢመጣ በፍጹም አትፍቀዱ፤ አደጋ አለው፣ ሲግናልም ይረብሻል። ጫፎቹን በሁለቱም በኩል በአንድ ቅደም ተከተል ያስራል፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ከዚያ በቴስተር ከ1 እስከ 8 መብራቶቹ ተራ በተራ ሲበሩ ያሳያችኋል። ይህን ሳታዩ ሒሳብ አትክፈሉ፤ ሰማያዊው ወይም ቡኒው ጥንድ ቢቋረጥ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ግን ከ100 ሜጋቢት አያልፍም፤ ቤት ያለ ሰው ደግሞ ምክንያቱን አያውቅም።

ለየፎቁ ከውጭ የመጣ አሮጌ ራውተር ይበቃል። ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል መኖሩን እዩ፤ 120 ብቻ ከሆነ እዚህ 220 ላይ ይቃጠላል። ሲስተካከል የአሮጌው ራውተር ዲኤችሲፒ (ለስልኮች የኔትወርክ አድራሻ የሚያድለው) ይጥፋ። የዋናው ሳጥን አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ ሌሎቹ .2 እና .3 ይሁኑ። ኬብሉ የሚሰካው ዋን (WAN) የሚለው ቀዳዳ ላይ ሳይሆን ላን (LAN) የሚለው ላይ ነው። ስምና ፓስወርድ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት፣ የ2.4ቱ ቻናል ግን 1፣ 6 እና 11 ተብሎ ይለያይ። ዲኤችሲፒው ካልጠፋ ስልኩ ዋይፋይ ይዞ ኢንተርኔት የለም ይላል፤ እናታችሁ ደውለው የሚያማርሩትም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው።

መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ለየሳጥኑ ሚኒ ዩፒኤስ (ትንሽ የመጠባበቂያ ባትሪ) ያስፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ሳጥኑ ሥር የተጻፈውን ቮልትና አምፔር በስልክ ፎቶ አንሱ፤ 12 ቮልት የሚፈልገው ላይ 9 ቢሰካ እየጠፋ እየበራ ያስቸግራል፣ 9 በሚፈልገው ላይ 12 ቢሰካ ደግሞ ሊያቃጥለው ይችላል።