ሀዋሳ ፒያሳ ያለችው ኮፒ ቤት፣ ፊደል ገበታዬን ይዤ አሜሪካ ልሄድ ስል

መጀመሪያ ኮከቡን ልስጥና ልገላገል፣ ከ5 4 ነው። አንዷን የቀነስኩት «ነገ ነይ» በምትለዋ ነገር ነው፣ 3 ቀን የተባለ ስራ 9 ቀን ፈጅቶብኝ ልሸብት ነበር። አራቱን ግን ዝም ብዬ አልሰጠሁም።

እኔ እዚሁ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ ነው የማስተምረው። ዘንድሮ አሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ረዳት አስተማሪ ሆኜ ለአንድ የትምህርት ዘመን ልሄድ ነው፣ ወደ 9 ወር ገደማ። የሰማ ሰው ሁሉ «ለፈረንጅ አማርኛ ምን ያደርግለታል» ይለኛል፣ ኧረ ሃርቫርድም ሃዋርድም አማርኛ ይሰጣል፣ ደሞ ተማሪው ሁሉ ፈረንጅ አይደለም፣ እዛ ተወልደው ከአያታቸው ጋ ማውራት ያቃታቸው የኛው ልጆችም አሉበት። የዛኛዋ አስተማሪ በኢሜይል «የራስሽ ማስተማሪያ ካለሽ ይዘሽ ነይ» ስትለኝ በቃ አንድ ትልቅ ፊደል ገበታና 60 ፍላሽ ካርድ ላሳትም ብዬ ተነሳሁ። ይሄን ያህል ጣጣ አለው ብዬ አላሰብኩም።

መጀመሪያ የሄድኩት ሌላ ቤት ነው፣ ስሙን አልጠራም። ፋይሉን በፍላሽ ሰጠሁት ልጁ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲከፍተው ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሳጥን በሳጥን ሆነ፣ ከዛ ፎንት ቀየረና ደግሞ የማይነበብ ምልክት ምናምን ሆነ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ እኔ ቤቴ የፃፍኩት በዩኒኮድ ነው፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የአሁኑ አሰራር፣ ብዙ ማተሚያ ቤት ደግሞ እስካሁን እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉት በድሮዎቹ ፎንቶች የለመደ ነው፣ በነሱ የድሮ አሰራር እያንዳንዱ ፊደል የተቀመጠው በእንግሊዝኛ ፊደልና በምልክት ቦታ ላይ ስለሆነ ሁለቱ አይግባቡም። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው እኮ፣ ተማሪዎቼ ሳይወለዱ ማለት ነው። ልጁ ግን ሳጥኑን አይቶ «እህት ፕሪንት ሲደረግ ይስተካከላል» አለኝ። አይስተካከልም! 2 ገፅ ከፍዬበት ሳጥኔን ይዤ ወጣሁ።

ከአቶቴ ሰፈር በባጃጅ ፒያሳ ወርጄ ነው አሁን የማወራላችሁን ያገኘሁት። ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው ጨለም ያለ፣ ቤቱ ጠባብ፣ ቀትር ላይ ከገባችሁ ከማሽኑ ሙቀት ጋ ተደምሮ ላብ በላብ ነው የምትሆኑት፣ ቬንትሌተር አለ ግን የሚዞረው ወደ ማሽኑ ነው ወደ ደንበኛው አይደለም። ዲዛይን የምትሰራ አንዲት ልጅ አለች፣ አንድ ተላላኪ ልጅ አለ፣ ባለቤቱ ደሞ መነፅራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚቀመጡ ትልቅ ሰውዬ ናቸው። ልጅቷ ሳጥኑን ስታይ አልደነገጠችም፣ «ቲቸር ስልክሽ ላይ አለ? ፒዲኤፍ አድርገሽ በቴሌግራም ላኪልኝ» አለችኝ፣ ላኩላት፣ ፎንቱ አብሮ ታቅፎ ስለመጣ ቁጭ አለ፣ ከዛ ሁሉንም ወደ ከርቭ ቀየረችው፣ ፊደሉ ስዕል ሆነ በሉት፣ ከዛ በኋላ የትም ማሽን ላይ አይበላሽም። 10 ደቂቃ አልፈጀም።

አራት ኮከቡ የመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ጋሼ መነፅራቸውን አወረዱና ስክሪኑ ላይ ገበታውን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፣ ሀ ሁ ሂ ሃ እያሉ፣ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ! እኔ አፈርኩ። አምስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልጄ ይሄ እሳቱ ሰ ነው፣ ንጉሡ ሠ የታለ?»

ሳየው እውነት ነው፣ ኮፒ ፔስት ሳደርግ እሳቱን ሰ ሁለት ቦታ ከትቼው ኖሯል። 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ሆኖ ስለቆጠርኩት ልክ ነው ብዬ ተኝቻለሁ፣ ቁጥሩ ሞልቷል ንጉሡ የለም። አማርኛ አስተማሪ ነኝ ደሞ! ሰውዬው ልጅ ሆነው ቄስ ትምህርት ቤት ነበሩ፣ ስለዚ ገበታ ሲያዩ አይናቸው ዝም ብሎ አያልፍም። «አቡጊዳውስ?» አሉኝ ቀጥለው፣ ፊደሉ በሌላ ቅደም ተከተል የሚደረደርበትን ማለታቸው ነው፣ ጋሼ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሀሁን ይጨርሱ ብዬ ነው ያመለጥኩት።

ከዛ ካርዶቹ ጋ መጣን። እያንዳንዱ ካርድ ፊት ለፊቱ ቃል ከኋላው ስዕል ነው፣ የራሴን ከተማ ልውሰድላቸው ብዬ ባጃጅ፣ ሐይቅ፣ አባ ኮዳ፣ ዓሳ ምናምን አድርጌያለሁ። አሳ ብዬ ነው የፃፍኩት። ጋሼ ካርዱን ይዘው «ሀዋሳ ተቀምጠሽ ዓሣን በአልፋው አ ትፅፊያለሽ?» ዐይኑ ዐ እና ንጉሡ ሠ መሆን አለበት ነው ክርክሩ። እኔ ደሞ የማስበው ለጀማሪ ነው፣ አንድ ሰው ገና ሀ ለ እያለ ለአንድ ድምፅ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ብትደረድርበት ክላሱን ጥሎ ነው የሚሄደው። ደሞ ቴሌግራም ላይ ማን ነው ዓሣ ብሎ የሚፅፈው፣ እኔ ራሴ እዚህ ሪቪው ላይ ከላይ ዓሳ ብዬ አለፍኩት፣ በዓይኑና በእሳቱ፣ ከሁለቱም ያልሆነ። ለማንኛውም ተስማማን፣ ፊት ለፊቱ በትልቁ ዓሣ፣ ከስሩ በትንሹ «አሳ ተብሎም ይፃፋል»። ለሌሎቹም እንደዛው ተደረገ፣ ፀሐይ፣ ዐይን፣ ሠርግ። አሁን ሳየው ከመጀመሪያው ሀሳቤ ይሻላል።

አንድ ነገር ሳልረሳ፣ ተላላኪው ልጅ የዓሣውን ስዕል ከጉግል አውርዶ ያመጣው ቀይ ስጋ ያለው የፈረንጅ ዓሣ ነው፣ ሳልመን። አይሆንም አልኩ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ጋ ሄጄ የኛኑ የሐይቅ ዓሣ ቆሮሶን ራሴ ፎቶ አንስቼ መጣሁ። ልጁ «ልዩነቱ ምንድነው» አለኝ፣ ልጄ የሀዋሳ ልጅ ሆነህ ይሄን ትጠይቃለህ?

ጠብቆና ላልቶ የሚነበቡት ደሞ ሌላ ጉድ ናቸው። ገና ሲጠብቅ በዓሉ ነው ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፣ ዋና ሲላላ ሐይቅ ውስጥ ነው ሲጠብቅ ትልቁ ነገር ነው፣ እኛ አናስበውም፣ ውጪ ያደገ ሰው ግን በምን ያውቃል። መዝገበ ቃላት ላይ እንደሚደረገው የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ እናድርግ ብዬ ነበር፣ ፎንቱ ነጥቧን አላወጣም አለ፣ ልጅቷ አንድ በአንድ በእጇ ለጠፈችልኝ። 14 ካርድ። ተጨማሪ አላስከፈለችኝም።

ገበታውን ባነር ላይ ነበር ያሰብኩት። ጋሼ «አትውሰጂ፣ ባነር ሻንጣ ውስጥ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ እንደ ቱቦ ጠቅልለሽ ደሞ አውሮፕላን ማረፊያ ስትጨቃጨቂ ነው፣ ጨርቅ ላይ ይታተምልሽ፣ ከነጠላሽ ጋ አጥፈሽ ትከቺዋለሽ፣ እዛ በካውያ ትተኩሺዋለሽ» አሉኝ። በህይወቴ ከሰማሁት ምርጥ የሻንጣ ምክር ነው፣ ሁለት ሻንጣ 23 23 ኪሎ ነው የተፈቀደልኝ፣ አንዱን እናቴ በሽሮና በበርበሬ ይዛዋለች።

ችግሩ ጨርቁ እዚህ አይታተምም፣ አዲስ አበባ ነው የሚልኩት። ይሄን ያወቅኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው፣ እዚህ ጋ ነው ያናደዱኝ። 3 ቀን አሉ፣ በአራተኛው ሄድኩ «ነገ ነይ»፣ በአምስተኛው መብራት ሄዶ ቤቱ ተዘግቷል፣ ቅዳሜ «መኪናው አልመጣም»፣ እሁድ ዝግ ነው። የኔ ቪዛ ደሞ ጄ 1 የሚባለው የልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ ነው፣ ፕሮግራሙ ከሚጀምርበት ቀን ከ30 ቀን በላይ ቀድመሽ መግባት አትችይም፣ ዘግይተሽ መድረስም ሌላ ጣጣ ነው፣ ትኬቴ ተቆርጧል፣ እኔ በየቀኑ ፎቅ እወጣለሁ። ስልክ ደውሎ «ዛሬ አልደረሰም አትምጪ» ማለት ምን ይከብዳል? በዘጠነኛው ቀን መጣ። ቀዩ ቀለም ትንሽ ደብዘዝ ብሏል፣ ጥቁሩ ግን ጥርት ያለ ነው፣ ከክፍሉ መጨረሻ ረድፍ ይነበባል፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሰቅዬ ሞክሬዋለሁ።

የቪዛ ወረቀቶቼንም እዚሁ ነው የጨረስኩት፣ በአጭሩ። ፎቶ ስትነሱ «የአሜሪካ ቪዛ ነው» በሉ፣ 3 በ4 አይደለም፣ 5 በ5 ሴንቲ ነው፣ ጀርባው ነጭ፣ መነፅር አይፈቀድም፣ ልጅቷ ገና ሳልነግራት «መነፅርሽን አውልቂ» አለችኝ። ኦንላይን ለሚሞላው የቪዛ ማመልከቻ፣ ለዲኤስ 160 የሚሆነውን ደሞ እኩል በእኩል ቆርጣ ከ240 ኪሎባይት በታች አድርጋ በቴሌግራም ላከችልኝ፣ ይሄን ሌላ ቦታ ሁለቴ አሰርቼ ሲስተሙ አልቀበልም ብሎኝ ነበር። አንዴ ብቻ ልቤ ቆሞ ነበር፣ ዲግሪዬን ላሚኔት ሊያደርግ የተሰጠው ተላላኪው ልጅ ዲኤስ 2019 የሚባለውን የጄ 1 ፕሮግራም ወረቀቴን አብሮ አንስቶ ማሽኑ ጋ ደርሷል! ቪዛ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚቀርበው፣ ስገባም የማሳየው፣ ዩኒቨርሲቲው የሚፈርምበት ወረቀት ነው እኮ፣ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ ማን ይፈርምበታል። ጩኸቴ ታች ድረስ ተሰምቷል መሰለኝ። ስለዚ እዛ ቤት ስትሄዱ ላሚኔት የሚደረገውንና የማይደረገውን በተለያየ ፌስታል አድርጋችሁ ሂዱ።

ዋጋ፣ ለጨርቁ ገበታ 1,800 ብር፣ ለ60 ካርድ ሁለት ፊት ባለ ቀለም ወፍራም ወረቀት ላይ ከነላሚኔሽኑ 2,400፣ ፎቶው 200። ርካሽ አይደለም፣ ካርዶቹ በተለይ መጀመሪያ ስሰማ ደንግጬ ነበር፣ ተከራክሬ ያስቀነስኩት 100 ብር ብቻ ነው። ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ ስትጠይቁ ትንሽ ይፈለጋል ግን ይሰጣሉ።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ጋሼ አይኖሩም፣ እሳቸው ሳያነቡት ፕሪንት አታስደርጉ። ጨርቅ ከሆነ ደሞ ከጉዞአችሁ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ እዘዙ፣ 3 ቀን ቢሏችሁም። እኔ ትናንት ተሰናብቻቸው ስወጣ «አቡጊዳውን ስትመለሺ እንሰራዋለን» ብለውኛል፣ ግማሽ ቀብድ ሊቀበሉኝ ሁሉ ነበር።