የጆሃንስበርጉ ኮንስቲትዩሽን ሂል ጉብኝት፦ የወሰን ጉዳይ ለሚያሳስበው ሰው

ባለፈው ወር ጆሃንስበርግ የሚገኘውን ኮንስቲትዩሽን ሂልን በአንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ጎበኘሁ። ጋንዲና ማንዴላ የታሰሩበት ይህ የቀድሞ ወህኒ ቤት ዛሬ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት መቀመጫ ሲሆን፣ ከፈረሰው የእስረኞች ማቆያ የተነሣው ጡብ ለችሎቱ ግድግዳ ውሏል። እኔን የወሰደኝ ግን የወሰን ጉዳይ ነበር።

አገሪቱ ከአፓርታይድ ስትላቀቅ አራት ክፍላተ ሀገርና ለጥቁሮች ተለይተው የተከለሉ አሥር ባንቱስታኖች ነበሯት። የሚያዝያ 1994ቱ ምርጫ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እየተቃረበ ስለነበር፣ በ1993 የተሰየመው ኮሚሽን የአዲሶቹን ክፍላተ ሀገር አከላለል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አጥንቶ አቀረበ። በመጨረሻም ዘጠኝ ክፍላተ ሀገር ቢዋቀሩም፣ የወሰኑ ክርክር ከአሥር ዓመት በኋላም አልበረደም።

ችሎቱ ውስጥ እንደገባን አስጎብኚያችንን ስለ ማታቲዬሌ ጠየቅኋት። ከተማዋ በ2005 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከክዋዙሉ ናታል ወደ ምሥራቃዊ ኬፕ ስትዛወር አቤቱታው እዚህ ቀረበ፤ ፍርድ ቤቱም በ2006 የክዋዙሉ ናታል ምክር ቤት ነዋሪውን ሳያወያይ ማጽደቁን ጥፋት አድርጎ ዝውውሩን ውድቅ አደረገ፣ ለእርምትም 18 ወራት ሰጠ። ሕዝቡ ከተሰማ በኋላ ግን በ2007 ከተማዋ ዳግም ወደ ምሥራቃዊ ኬፕ ተካለለች። መደመጥና የፈለጉትን ማግኘት የተለያዩ መሆናቸውን እዚያ ቆሜ ሳስበው ከበደኝ። ከጋውቴንግ ወደ ሰሜን ምዕራብ ክፍለ ሀገር መዛወራቸውን የተቃወሙት የኩትሶንግ ነዋሪዎች ደግሞ በ2008 በዚሁ ችሎት በአብላጫ ድምፅ ተረትተው፣ የተመለሱት ፓርላማው በ2009 ሕገ መንግሥቱን ሲያሻሽል ነው።

የአሥራ አንዱ ዳኞች መቀመጫ ፊት ለፊቱ በዝንጉርጉር የላም ቆዳ ተለብጧል፤ የአንዱ ጥለት ከሌላው አይገጥምም። በመሬት ልክ በተሠራው ረጅም መስኮት በኩል የአላፊ አግዳሚው እግር ይታያል። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 48 ክልሎች በወሰን ካልተስማሙ ውሳኔ የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በመሆኑ፣ ነዋሪው የወሰን አቤቱታውን ይዞ ዳኛ ፊት የቆመበትን ስፍራ ማየቴ በጣም ነካኝ።

አስጎብኚያችን ጉዳዩን አጥርታ ታውቀዋለች፤ ድርጅቱ ግን ሁለት ሰዓት ለወህኒ ቤቱ፣ ሩብ ሰዓት ብቻ ለችሎቱ መድቦላታል። ስለዚህ ቦታ ስትይዙ ፍላጎታችሁን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ነውና፣ እኔ በሚቀጥለው ጊዜ የምሄደው ያለ አስጎብኚ፣ ክርክር በሚሰማበት ቀን ነው።